ሪስቶሬሽን ምንድን ነው? አሮጌ ቮልስን ወደ ቀድሞ ማንነቷ የመመለስ ሥራ

አሮጌ መኪና ቀለም ተቀብታ፣ ወንበሯ አዲስ ቆዳ ለብሶ፣ ቸርኬዋ አብረቅርቆ ስትወጣ ብዙ ሰው «ሪስቶር ተደረገች» ይላል። ያ ማሳመር ነው፤ የሚነቀፍ ሥራ አይደለም። የተበላሸውን አውጥቶ የሚሠራ ዕቃ መተካት ደግሞ ጥገና ነው። ሪስቶሬሽን ግን መኪናዋ ከፋብሪካ ስትወጣ እንዴት እንደነበረች አጥንቶ የጠፋውን በዚያው ዓይነት ዕቃና ዘዴ መመለስ፣ ያልጠፋውን ደግሞ አለመንካት ነው። «አለመንካት» የሚለው ብዙ ጊዜ ይረሳል። በእኔ እምነት ግን ከባዱም ዋናውም እሱ ነው።

ቮልስን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነበር፤ ይህን የማያውቅ አዋቂ ሰው ጥቂት ነው። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ቮልሶች ተመርተዋል፤ የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 30 ቀን 2003 ሜክሲኮ ውስጥ ከፑዌብላ ፋብሪካ ወጣች። ይህ ብዛት ለባለቤቶቿ በረከት ነው፤ ዛሬም ለብዙ ዕቃዎቿ አዲስ መለዋወጫ ይሠራል። ችግርም አለው። የአንዱ ዓመት ዕቃ ለሌላው ስለሚገጥም የ1963 ሞዴል ቮልስ የ1970ዎቹን ፓራውልትና መብራት ለብሳ ትገኛለች። (የሞዴል ዓመት ሁልጊዜ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ስለዚህ መፍቻ ከማንሳት በፊት መኪናዋን ማንበብ ይቀድማል። የሻንሲ ቁጥሩ ከኋላ ወንበር ሥር፣ በመኪናዋ መሃል ለመሃል በሚያልፈው ብረት ላይ ተመትቷል። የሞተሩ ቁጥር ደግሞ ከዲናሞው መቆሚያ ሥር ነው። ሁለቱንም ከሊብሬው ጋር ማመሳከር ነው። ከ1965 ሞዴል ጀምሮ ከሻንሲ ቁጥሩ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ዓይነቷን፣ ሦስተኛው ዓመቷን ይናገራል፤ በ115 የሚጀምር ከሆነ የ1965 ሞዴል ናት። የሞዴል ዓመቱ ከኦገስት ይጀምር ስለነበር እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1966 የተመረተች ቮልስ የ1967 ሞዴል ተብላ ትቆጠራለች፤ ዕቃ ስታዝዙ ይህን አትርሱ። በጀርመን አገር በቮልፍስቡርግ ከተማ ያለው የቮልስዋገን አውቶ ሙዚየም በሻንሲ ቁጥሩ መዝገብ አገላብጦ የተመረተችበትን ቀን፣ የመጀመሪያ ቀለሟንና የተላከችበትን አገር የሚገልጽ ምስክር ወረቀት በክፍያ ይሰጣል። ወረቀቱ ባይኖርም መኪናዋ ራሷ ትመሰክራለች። ከዳሽቦርዱ ጀርባና ከኋላ ወንበር ሥር የመጀመሪያው ቀለም ብዙ ጊዜ ሳይነካ ይገኛል። አንድ ጥግ ላይ በውሃ የራሰ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ቀስ አድርጎ ማሸትም ከላይ የተደራረቡትን ቀለሞች አንድ በአንድ ያሳያል።

የፋብሪካውን አሠራር መከተል የመልክ ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ሰው የኋላውን ኮፈን ከፍቶ ይመልከት። የቮልስ ሞተር ውሃ የለውም፤ የሚቀዘቅዘው ማራገቢያው በሚነፋው አየር ነው። ሞተሩን ዙሪያውን የሚሸፍኑት ላሜራዎችና ጠርዙን የሚዘጋው ጎማ ቀዝቃዛው አየር ከላይ እንዲገባ፣ የጋለው ወደ ታች እንዲወጣና ተመልሶ እንዳይሳብ ያደርጋሉ። እነዚህ ላሜራዎች ትርፍ ተደርገው የተጣሉባቸው መኪኖች ጥቂት አይደሉም። ከዚያ ባለቤቱ «ቮልስ ትግላለች» እያለ ያማርራል። በቀደሙት ሞዴሎች ቀድሞ የሚጎዳው ሦስተኛው ሲሊንደር ነው፤ የዘይት ማቀዝቀዣው በአየሩ መንገድ ላይ ተቀምጦ ስለሚከልለው። ፋብሪካውም ይህን አይቶ በ1971 ሞዴል ማቀዝቀዣውን ወደ ውጭ አውጥቶ የራሱን የአየር መተላለፊያ ሠራለት። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ነች። አየሩ ስስ በመሆኑ የሚያቀዘቅዘው ያንሳል፤ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተርም እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ስለዚህ በካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያሳልፈውን ባለ ቀዳዳ ዕቃ ጠበብ ባለ መለወጥ ተገቢ ነው። ይህ ከሪስቶሬሽን አያስወጣም፣ ምክንያቱም በደቂቃዎች ወደ ቀድሞው መመለስ ይቻላል። ለውጥን የምለካው በዚህ ነው፦ ነገ ሌላ ሰው ሊመልሰው ይችላል ወይስ አይችልም?

ብረት መቁረጥ ግን አይመለስም። ቮልስ የምትበሰብስባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው፤ ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ባትሪው የሚቀመጥበት ወለል፣ ስኮርታው የሚገባበት ጉድጓድና በበሮቹ ሥር የሞቀ አየር ወደ ፊት የሚያደርሱት የብረት ሳጥኖች። የመጨረሻዎቹ የቦዲው ጀርባ አጥንት ናቸው። ቦዲውን ከውስጥ በብረት ሳይደግፉ ሳጥኖቹን ቆርጦ ማውጣት ቅርጹን ያጣምመዋል፣ ከዚያ በሩ አይገጥምም። በስቱኮ የተሞላ ዝገት ደግሞ ከአንድ ክረምት በኋላ ቀለሙን ገፍቶ ይወጣል።

የት ድረስ ይሠራ የሚለው ጥያቄ በዓለም ደረጃም ሲያከራክር ቆይቷል። ፊቫ የሚባለው ዓለም አቀፍ የታሪካዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2012 የቱሪን ቻርተርን አጸደቀ፤ ሐሳቡ በ1964 ለጥንታዊ ሕንፃዎች ጥበቃ ከወጣው የቬኒስ ቻርተር የመጣ ነው። ቻርተሩ መጠበቅን ከሪስቶሬሽን ያስቀድማል፣ የተሠራው ሁሉ በጽሑፍ እንዲመዘገብም ይጠይቃል። ፊቫ አንዲት መኪና ታሪካዊ ለመባል ቢያንስ 30 ዓመት እንዲሞላትና የዕለት መጓጓዣ እንዳትሆን ይፈልጋል። በዚህኛው አልስማማም። እኛ ጋ ብዙዎቹን ቮልሶች እስከ ዛሬ ያቆያቸው በየቀኑ መነዳታቸውና በየጋራዡ ያሉ አንጋፋ መካኒኮች እጅ ነው። መለዋወጫ በጠፋበት ዘመን አንድ ባለሙያ በእጁ ቀጥቅጦ የሠራት ፓራፋንጎ የመኪናዋ ታሪክ ናት፤ ጤነኛ ከሆነች እንድትቆይ እመክራለሁ። የሞተሩ ቁጥር ተቀይሮ ቢገኝም ለውጡ ሊብሬው ላይ በትክክል መመዝገቡ እንጂ መቀየሩ ነውር አይደለም።

ጥንቃቄው የበረታበት ሌላም ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪኖችን ማስገባት እጅግ ውድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ አገደ። አንዲት ቮልስ ተፈታትታ ብትጠፋ በቦታዋ ሌላ ማምጣት ከባድ ነው።

የቮልስ አፍቃሪዎች ማኅበረሰብ ዋጋም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በአንዱ ግቢ የተጣለው የሞተር ላሜራ ሌላው ለዓመታት ሲፈልገው የኖረው ሊሆን ይችላል፤ የትኛው የኋላ መብራት የየትኛው ዓመት እንደሆነ በቃሉ የሚያውቅ ሰውም በመካከላቸው አይጠፋም። ሥራ ልትጀምሩ ካሰባችሁ ገንዘባችሁን በፍሬኑ፣ በቤንዚን ቧንቧውና በኤሌክትሪክ ገመዱ ጀምሩ፤ ቀለም በመጨረሻ ይደርሳል። ከመፍታታችሁ በፊት እያንዳንዱን ቦታ ፎቶ አንሱ፣ ቡሎኖቹን የወጡበትን ቦታ ጽፋችሁ ለየብቻ አስቀምጡ፣ ያወጣችሁትንም አሮጌ ዕቃ ሳትጠይቁ ለቁራሌው አትስጡ።