‘ቴል’ ምንድን ነው?

ባለፈው ቅዳሜ ደሴ፣ ፒያሳ፣ አንድ ባንክ ውስጥ ወረፋ ይዘን ተቀምጠናል። አብራኝ ያለችው የእህቴ ልጅ ናት፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ። መስኮቱ ላይ ‘ቴለር’ የሚለውን አነበበችና ወደ እኔ ዞረች።

«አጎቴ፣ ‘ቴል’ ማለት መናገር አይደል?»

«ነው።»

«ታዲያ ቴለሩ ለምን ዝም ብሎ ብር ይቆጥራል?»

እውነቷን ነው። ሰውዬው ጣቱን ስፖንጅ ላይ እያስነካ መቶ መቶውን ይገለብጣል፤ ትንፍሽ አላለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ‘ቴል’ በጥንቱ እንግሊዝኛ መቁጠር ማለትም ነበር። ዘመዶቹ ዛሬም ይቆጥራሉ። ሆላንዶች ለመቁጠር ‘ቴለን’ ይላሉ። ጀርመኖች መቁጠርን ‘ጼለን’፣ መተረክን ደግሞ ‘ኤርጼለን’ ይሉታል። ቴለር ማለት እንግዲህ ቆጣሪ ነው። ኤቲኤም ስንል መሃል ያለችው ‘ቲ’ም እሷው ናት። እንግሊዞች መቁጠሪያ ይዞ መጸለይንም በዚሁ በ‘ቴል’ ይገልጹታል። ወሎ ቤት ውስጥ ይሄ አይከብድም፤ አንዱ ሙስበሃ፣ አንዱ መቁጠሪያ ይዞ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ እያየን ነው ያደግነው። እየቆጠሩ መናገር ማለት ያ ነው።

እኛስ ‘ዘረዘረ’ እንል የለ? ወሬም ይዘረዘራል፣ መቶ ብርም ይዘረዘራል። ይህን ስነግራት ሳቀች።

አሁን ወደሚያስቸግረው እንምጣ። ፈተና ላይ ነጥብ የሚያስጥለው ‘ቴል’ እና ‘ሴይ’ ሲደባለቁ ነው። አማርኛችን ግን ልዩነቱን ያውቀዋል። ‘ሴይ’ ‘አለ’ ነው፣ ‘ቴል’ ‘ነገረ’ ነው። ‘እመጣለሁ አለ’ ብዬ ባቆም ቅር የሚለው የለም። ‘እንደሚመጣ ነገረ’ ብዬ ባቆም ግን ‘ለማን?’ ትሉኛላችሁ። ‘ቴል’ም እንደዚያው ሰው ይፈልጋል። ‘ሂ ቶልድ ሚ’፣ ነገረኝ። ‘ሂ ሴድ ሚ’ ግን አይባልም።

የሚያሳስተን ‘ለ’ ናት። ‘ለእሷ ንገራት’ ስለምንል ‘ለ’ን ወደ ‘ቱ’ ቀይረን ‘ቴል ቱ ኸር’ እንላለን። ስህተት ነው፤ ‘ቴል ኸር’ ይበቃል። በልቤ የምይዛት ዘዴ አለችኝ፦ ‘ነገረኝ’ ውስጥ ያለችው ‘ኝ’ ግሱ ላይ እንደተለጠፈች ሁሉ፣ ‘ሚ’ም ‘ቴል’ ላይ ትለጠፍ። በመሃል ማንም አይግባ። የሚነገረው ነገር ሲቀድም ብቻ ‘ቱ’ ትመለሳለች፦ ‘ቴል ኢት ቱ ሚ’። ሰው ስናዝም ‘ቱ’ አለች፣ ግን የምትቆመው ከሚታዘዘው ግስ ፊት ነው፦ ‘ሺ ቶልድ ሚ ቱ ዌይት’፣ እንድጠብቅ ነገረችኝ።

ሰው ሳይጠሩ ‘ቴል’ የሚሄድባቸው ጥቂት ናቸው። እውነት፣ ውሸት፣ ተረት፣ ቀልድ፣ ሰዓት። እነዚህን መሸምደድ ነው፣ ሌላ መላ የለውም። ያለፈው ጊዜ ደግሞ ‘ቶልድ’ ነው፤ ‘ቴልድ’ የሚባል የለም።

እኔ በጣም የምወደው ግን አፍ የሌለበትን ‘ቴል’ ነው። ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆንም ዝቅ ብላ ስለተቀመጠች ከደሴ ትሞቃለች። ከዚያ በስስ ሸሚዝ የመጣ ሰው ጠዋት ደሴ መናኸሪያ ሲወርድ እጁን ብብቱ ውስጥ ከቶ ይንቀጠቀጣል። ከየት እንደመጣ አይጠየቅም፣ ያስታውቃል። እንግሊዞች እዚህ ላይ ‘ዩ ካን ቴል’ ይላሉ። መንታ መለየት ሲያቅታቸውም ‘አይ ካንት ቴል’ ነው የሚሉት። ‘መናገር አልችልም’ ብሎ የተረጎመ አስተርጓሚ አውቃለሁ፣ አብሽር ብለን አልፈነዋል።

‘ቴል ኦፍ’ ደግሞ ልክ ልኩን መንገር ነው። ‘ቴል ኦን’ ማሳበቅ ነው።

ይቺን የመጨረሻዋን ከባንክ ወጥተን ኬክ እየበላን ነው ያስረዳኋት። ምሳ ሳይበላ ጣፋጭ መብላት እህቴ ቤት ክልክል ስለሆነ፣ ለእናትሽ እንዳትነግሪ ብዬ አደራ አልኳት። ጫማዋን እንኳን ሳታወልቅ ነገረቻት።

«አጎቴ፣ ‘አይ ቶልድ ኦን ዩ’ ነው አይደል የሚባለው?» አለችኝ ከእናቷ ጀርባ ሆና።

ልክ ነበረች። ‘ቱ’ም አላስገባችም።