ስክሪን ሲበላሽ ፎርማት አይቅደም

ደብረ ብርሃንም ሆነ ደብረ ሲና፣ ቤቱ ያለው አሮጌ ኮምፒውተር መስመር ሲያወጣበት ወይም አይከኖቹ ነጭ ሲሆኑበት ሰው የሚሰማው ምክር አንድ ነው፦ «ፎርማት አስደርገው!» ፎርማት ማለት ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን አጥፍቶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ነው፤ የልጆች ፎቶ በከንቱ የሚጠፋው እንዲህ ነው። ያሳዝናል፤ ብዙውን ጊዜ ፎርማት አያስፈልግምና።

«መስመር ካወጣ ስክሪኑ አልቋል»

የግድ አይደለም። መጀመሪያ ሰማያዊ ጫፍ ያለውን የቪጂኤ ኬብል (ሞኒተሩን ከኮምፒውተሩ የሚያገናኘውን) ነቅላችሁ ፒኖቹን እዩ። የታጠፈ ካለ በቀስታ አቅኑት። ቦታው 15 ነው፤ 9ኛው ግን ብዙ ኬብሎች ላይ ከፋብሪካም ስለማይኖር አትደንግጡ። ስክሪኑ በሙሉ ቢጫ ወይም ሮዝ ከመሰለ፣ አንዱ ቀለም በላላ ኬብል ምክንያት አልደረሰም ማለት ሊሆን ይችላል። መልሳችሁ ስትሰኩ ብሎኖቹን በሁለቱም ጫፍ አጥብቁ።

አሁንም መስመሩ አለ? ኬብሉን ከኮምፒውተሩ በኩል ነቅላችሁ ሞኒተሩን ለብቻው አብሩት። ሲግናል የለም የሚለው መልእክት ላይም መስመሩ ከታየ፣ ጥፋቱ የሞኒተሩ ነው። ካልታየ ኬብሉን መልሳችሁ ስክሪንሹት አንሱና ስልክ ላይ ክፈቱት። መስመሩ እዚያም ካለ ድራይቨሩን (ዊንዶውስን ከዕቃው ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም) ወይም ምስሉን የሚያወጣውን ግራፊክስ ካርድ ጠርጥሩ። ከሌለ ደግሞ ኬብሉን ወይም የሚሰካበትን ቦታ። ጥገና ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ይህን ሞክሩ፤ ምንም አያስወጣም።

«አይከኑ ነጭ ከሆነ ቫይረስ ነው»

ብዙ ጊዜ ዊንዶውስ የአይከን ምስሎችን የሚያስቀምጥበት ፋይል ተበላሽቶ ነው። መብራት ድንገት ሲጠፋ ይህ ያጋጥማል። ዊንዶውስ 10 ከሆነ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ከሚመጣው ዝርዝር ዊንዶውስ ኤክስፕሎረርን መርጣችሁ ሪስታርት በሉት። ፍላሽ ላይ ያሉ ፎልደሮች ሁሉ ሾርትከት ከሆኑ ግን፣ አዎ፣ እሱ ቫይረስ ነው።

«ፎርማት ሁሉንም ያስተካክላል»

ጽሑፉ ገዝፎ ሬዞሉሽኑ (የምስሉ ጥራት) 800 በ600 ላይ ከቀረ ብዙ ጊዜ የጎደለው ድራይቨር ነው። ፎርማት ደግሞ የነበረውንም ድራይቨር ያጠፋል! ዲቫይስ ማናጀር (የኮምፒውተሩ ዕቃዎች የተዘረዘሩበት መስኮት) ውስጥ «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» የሚል ካያችሁ፣ በኮምፒውተሩ ሞዴል ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርዱ። አዲስ ስለሆነ ብቻ አትምረጡ። ለምሳሌ ኢንቴል ለኤችዲ ግራፊክስ 2000 እና 3000 ለዊንዶውስ 10 ተብሎ የተሠራ ድራይቨር አላወጣም።

«ብርድ አገር ኮምፒውተር አይግልም»

ብርዱ ይረዳል። ነገር ግን ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፤ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ይቀንሳል። አቧራ ፋኑን ከደፈነው ደግሞ ብርዱም አያድነውም። ሸዋ ሮቢት ቆላ ላይማ ይብሳል። ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ የሚመጣው ጌም ወይም ቪዲዮ ሲቆይ ብቻ ከሆነ ሙቀትን ጠርጥሩ። ከሶኬት ነቅላችሁ፣ ሳጥኑን ከፍታችሁ፣ ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣት ይዛችሁ፣ በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት። ክፍት እያለም ራሙን (የኮምፒውተሩን ጊዜያዊ ማስታወሻ) አውጥታችሁ ወርቃማ ጫፉን በላጲስ አጽዱት፤ ለብቻው ግራፊክስ ካርድ የሌለው ኮምፒውተር ምስሉን የሚያስቀምጠው እዚያው ራሙ ላይ ነው።