በጎጃም የኳስ ደጋፊዎች ሙግት፦ ስለ ዝውውርና ወደ ላይኛው ሊግ ስለ ማደግ

በጎጃም የኳስ ሙግት በጣም የሚደራው ኳስ በማይኖርበት በክረምት ነው። ሊጉ ተዘግቶ የዝውውር መስኮቱ ሲከፈት፣ ከባሕር ዳር እስከ ደብረ ማርቆስ፣ ከቡሬ እስከ ሞጣ፣ በጀበና ቡና መሸጫው፣ በፀጉር ቤቱና በባጃጅ ተራው ማን ፈረመ፣ ማን ለቀቀ፣ ማን ውሉን አራዘመ የሚለው ይነሳል። ከሥሩ ያለው ጥያቄ ግን ዓመት አልፎ ዓመት ቢመጣም ያው ነው፦ ቡድን የሚሠራው በመግዛት ነው ወይስ በማሳደግ?

የሙግቱ መሃል «የጣና ሞገዶቹ» የሚባለው ባሕር ዳር ከተማ ነው። ክለቡ በ2010 ዓ.ም. በአሰልጣኝ ጳውሎስ ጌታቸው እየተመራ ከሁለተኛው እርከን፣ ከከፍተኛ ሊግ፣ ወደ ፕሪሚየር ሊግ አደገ፤ በዚያው ዓመት ደቡብ ፖሊስና ሽረ እንዳሥላሴም አብረውት አልፈዋል። በ2015 ደግሞ በደግአረገ ይግዛው አሰልጣኝነት ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ። በዚህም ለካፍ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ በቅቶ የታንዛኒያውን አዛም በመለያ ምት ጣለና በቱኒዚያው «ክለብ አፍሪካን» ተሸንፎ ወጣ። ደጋፊው አሁንም ማንኛውንም አዲስ ፈራሚ የሚለካው በ2015ቱ ቡድን ነው።

ማነጻጸሪያው ከሐይቁ ማዶ፣ ከጎንደር ይመጣል። ፋሲል ከነማ በ2008 አድጎ በ2013 ሻምፒዮን ሆኗል፤ ባሕር ዳር ዋንጫውን ገና አላነሳም። «ፋሲል ያሸነፈው ልምድ ያላቸውን ስለገዛ ነው» የሚለው ወገን እኛም እንግዛ ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ የተገዛ ቡድን ገንዘቡ ሲሳሳ አብሮ ይሳሳል ብሎ ይሞግታል። ሁለቱም ማስረጃ አያጡም፤ ለእኔ ግን ሁለተኛው ያመዝናል። ምክንያቱ የውሉ ዕድሜ ነው። በአገራችን ተጫዋች በአብዛኛው የሚፈርመው ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ነው፤ ክረምት በገባ ቁጥር የቡድኑ እኩሌታ ይፈርሳል፤ አዲስ አሰልጣኝ ከመጣም የሚያውቃቸውን ልጆች ይዞ ይመጣል። ያልተዋሐደ ቡድን ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ጨዋታዎች በመተዋወቅ ይጨርሳቸዋል።

አንድ ቡና ቤት ውስጥ ሙግቱ ይህን ይመስላል። አንዱ ስልኩን አውጥቶ የፊርማ ፎቶ ያሳያል፤ ተጫዋቹ ማሊያ ዘርግቶ ከክለቡ ኃላፊ ጎን ቆሟል። «ይሄ ልጅ ዓምና ስንት ጨዋታ ተሰለፈ?» ይላል ባጃጅ ነጂው። «ጉዳት ላይ ነበር እኮ ወንድሜ!» ይሉታል። ቡና የምትቀዳዋ ሲኒውን እያስቀመጠች «የጎደለን አጥቂ አይደለም፣ ተከላካይ ነው» ብላ ትገባበታለች፤ ነገሩም ከፈራሚው ወጥቶ ወደ አሰላለፍ ይዞራል።

የገንዘቡ ጉዳይ ሌላው የክርክር ምዕራፍ ነው። የከተማ ክለቦች የሚተዳደሩት በዋናነት ከከተማ አስተዳደሩ በሚመደብ በጀት ስለሆነ፣ የአጥቂ ደመወዝ የነዋሪው ጉዳይ ነው፤ «በዚህ ብር መንገድ ይሠራ ነበር» የሚል ድምፅ ከኳስ ወዳጁም መሃል ይሰማል። በነሐሴ 2011 ለተጫዋቾች ወርሃዊ ደመወዝ የ50 ሺህ ብር ጣሪያ ተወስኖ ነበር። ብዙ ሳይቆይ ግን ጣሪያው በስውር ክፍያ ይታለፋል የሚለው ቅሬታ በረታ።

ከታች ያሉት ክለቦች ሙግት የተለየ ነው። የደብረ ማርቆስ ከተማ ደጋፊ የሚያሰላው ዋንጫን ሳይሆን ማደግን ነው። በከፍተኛ ሊግ ቡድኖች በምድብ ተከፍለው ስለሚጫወቱ፣ ምድቡን ያልመራ ጥሩ ነጥብ ይዞም ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ክረምት ላይ ምድቡ ሲወጣ «ከማን ጋር ደረሰን?» የሚለው ከፈራሚዎቹ ስም ቀድሞ ይጠየቃል። በባሕር ዳር አውስኮድን (የአማራ ውሃ ሥራዎች ኮንስትራክሽን ድርጅትን ቡድን) የመሰለ የመሥሪያ ቤት ክለብም ከፍተኛ ሊግ ላይ ተጫውቷል፤ ነገር ግን የመሥሪያ ቤት ክለብ የከተማ ክለብን ያህል ደጋፊ ማፍራት ይከብደዋል።

የዛሬው ደጋፊ ትልቁ ጉዳቱ ቡድኑን በዓይኑ ማየት አለመቻሉ ነው። ከ2013 ጀምሮ ፕሪሚየር ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ይካሄዳል፤ ባሕር ዳር ራሷ በ2013ም በ2015ም አስተናግዳ ነበር። ብሔራዊ ቡድኑ በ2012 ኮትዲቯርን 2 ለ 1 የረታበት የባሕር ዳር ስታዲየም በ2014 ከካፍ መስፈርት በታች ተብሎ ከዓለም አቀፍ ጨዋታ ታገደ። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በክልሉ የቀጠለው ግጭት የውድድሩንም የጉዞውንም ነገር አከበደው። ጨዋታው በቴሌቪዥን ይታያል፤ ልምምድ ሜዳ ሄዶ ታዳጊውን ማየትና «ይሄ ልጅ ይደርሳል» ብሎ መመስከር ግን በስክሪን አይሆንም። ለዚህም ነው ማሳደግን የሚደግፈው ወገን ከተስፋ (ከታዳጊዎች) ቡድኑ ቢያንስ ጥቂት ልጆች በየዓመቱ ወደ ዋናው ይግቡ፣ ውላቸውም ረዘም ይበል ብሎ ክረምት በመጣ ቁጥር የሚወተውተው።