የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ የመጀመሪያ ዲግሪ፦ ኮርሶቹ ከየት መጡ፣ እንዴትስ ይታቀዳሉ?

የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ የመጀመሪያ ዲግሪ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ግጥሞችን፣ ተውኔቶችንና ልቦለዶችን በማንበብ፣ ስለእነሱም በመጻፍ የሚያዝ ዲግሪ ነው። እንደየአገሩ ሦስት ወይም አራት ዓመት ይወስዳል። በዕቅድ ረገድ ከሂሳብ ወይም ከምህንድስና ይለያል። ካልኩለስ አንድን ያላለፈ ካልኩለስ ሁለት ሊገባ አይችልም። ሼክስፒርን ያላነበበ ሰው ግን የሃያኛውን ክፍለ ዘመን ልቦለድ አንብቦ ጥሩ ድርሰት ሊጽፍ ይችላል። ታዲያ ማን ከማን ይቅደም? መልሱን የሚሰጡት ትምህርት ክፍሎቹ ናቸው። እነሱም ቢሆኑ መልሱን ያገኙት በየዘመኑ ተጨቃጭቀው ነው። የዚያ ጭቅጭቅ ቅሪት ዛሬም በኮርስ ዝርዝሩ ላይ አለ። አዲስ ተማሪ ዝርዝሩን አይቶ ግራ ቢገባው አይፈረድበትም።

ይህ ዳሰሳ የተሰናዳው ጉዳዩ በአማርኛ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ስላልገጠመን ነው። በእጃችን ያለው መረጃ ስለ ብሪታንያና ስለ አሜሪካ ስለሚበዛ ሚዛኑ ወደዚያ ያጋድላል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ጅማሬው

ማን ጀመረው የሚለው አከራካሪ ነው። ስኮትላንዶች ኤድንብራን ይጠቅሳሉ። ሂዩ ብሌር በ1762 እዚያ የንግግር ጥበብና የሥነ ጽሑፍ ፕሮፌሰር ሆነው ተሹመዋል። እንግሊዞች ደግሞ ለንደን ይላሉ። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን የሚባለው ተቋም በ1828 በሩን ሲከፍት የእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ፕሮፌሰር ነበረው። ሦስተኛው ወገን ሕንድን ያነሳል። ጋውሪ ቪሽዋናታን በ1989 ባሳተሙት ጥናት፣ እንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ የተደራጀው በእንግሊዝ ሳይሆን በቅኝ ግዛት ሕንድ ነው ሲሉ ተከራክረዋል። ሕዝብን በሃይማኖት ማስተማር ለገዢዎቹ አስቸጋሪ ስለነበር ሥነ ጽሑፍ ምትኩ ሆነ ነው ነገሩ። ሦስቱም ወገኖች የየራሳቸው ማስረጃ አላቸው።

ኦክስፎርድ፣ ካምብሪጅና የተረፈን ውርስ

ኦክስፎርድ ዘግይቶ ነው የገባው። በ1885 አዲስ የእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ወንበር፣ ማለትም የፕሮፌሰርነት ቦታ፣ ተቋቋመ። ሁሉም የሥነ ጽሑፍ ሰው ይሾማል ብሎ ሲጠብቅ፣ ወንበሩ የጥንታዊ እንግሊዝኛ ሊቅ ለነበሩት ለአርተር ኔፒየር ተሰጠ። የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች በጣም ተናደዱ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሥነ ጽሑፍ ራሱን ችሎ የዲግሪ ትምህርት ይሁን የሚል ሐሳብ ሲቀርብ፣ የታሪክ ፕሮፌሰሩ ኤድዋርድ ፍሪማን ተነስተው ተቃወሙ። ነጥባቸው አጭር ነበር፤ ጣዕምና ስሜት ለፈተና አይመችም። ግጥም ወደድኩ ያለን ተማሪ በምን ትጥለዋለህ?

ይህ ጥያቄ ቀልድ ይመስላል፤ ግን ሥርዓተ ትምህርቱን የቀረጸው እሱ ነው። ፈተና የሚወጣለት ነገር ሲፈለግ የተገኘው ጥንታዊ እንግሊዝኛ ነበር። ሰዋስው አለው፣ ግስ ይረባል፣ ትርጉሙ ትክክል ወይም ስህተት ነው ማለት ይቻላል። የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍሉ በ1894 ሲቋቋም የቋንቋ ታሪክ ትልቅ ቦታ ይዞ ገባ። ዛሬም በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ቤዎልፍ የተባለውን የጥንታዊ እንግሊዝኛ ረጅም ግጥም በጥንታዊው ቋንቋ እንዲያነብ ሲታዘዝ፣ የዚያ የድሮ ክርክር ዕዳ ነው የሚከፍለው።

በ1931 ኦክስፎርድ ሥርዓተ ትምህርቱን አሻሻለ። ከአሻሻዮቹ አንዱ ጄ. አር. አር. ቶልኪን ነበሩ፤ አዎ፣ «የቀለበቶች ጌታ» የተባለውን ልቦለድ የጻፉት ራሳቸው። ቶልኪንና ወዳጃቸው ሲ. ኤስ. ልዊስ የመካከለኛው ዘመን ሥነ ጽሑፍ ሰዎች ነበሩ። በእነሱ ዕቅድ የግዴታው ንባብ 1830 አካባቢ ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲህ ያለው የፈለገ የሚወስደው ነበር። አዲስ ልቦለድን ሰው በትርፍ ጊዜው ያነበዋል፣ ለዚህ አስተማሪ ምን ያደርጋል የሚል እምነት ከኋላው አለ። ተሳስተዋል ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ሆኖም ዛሬ ተማሪ በራሱ ፍላጎት የማይደፍረውን ነገር ግዴታ አድርጎ፣ ወደ ራሱ የሚመጣበትን ደግሞ ምርጫ ማድረግ ብዙ ትምህርት ክፍሎች የሚከተሉት መንገድ ነው።

ካምብሪጅ ሌላ አቅጣጫ ያዘ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መሃል፣ በ1917፣ የቋንቋ ታሪክ ግዴታ ያልሆነበት የእንግሊዝኛ ዲግሪ አጸደቀ። ከዚያ አይ. ኤ. ሪቻርድስ መጡ። ሪቻርድስ ለተማሪዎቻቸው የገጣሚው ስምና ዘመኑ ያልተጻፈባቸውን ግጥሞች እያደሉ፣ ያነበባችሁትን ጻፉልኝ ይሉ ነበር። ውጤቱ ጉድ ነበር። የተከበሩ ገጣሚዎች ሲናቁ ተራ ግጥም ሲወደስ ታየ። ሪቻርድስ ይህንን ተንትነው በ1929 መጽሐፍ አወጡ። ዛሬ በየትኛውም ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ላይ «የቅርብ ንባብ» ወይም «ተግባራዊ ሂስ» የሚል፣ ጽሑፉን ቃል በቃል እየመረመሩ የሚያነቡበት ኮርስ ካለ ሥሩ እዚህ ነው። የካምብሪጁ ሃያሲ ኤፍ. አር. ሊቪስ ከ1932 እስከ 1953 በታተመው መጽሔታቸው ሐሳቡን አጠናከሩት። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ከሌላው የሚለይበት ሙያ ምንድን ነው ለሚለው እስካሁን የተገኘው ምርጥ መልስ ይኸው የቅርብ ንባብ ነው። ይህን ስንል የዘርፉ ሰዎች ስለሆንን ትንሽ አድልተን ሊሆን ይችላል።

አሜሪካ

ሃርቫርድ የመጀመሪያውን የእንግሊዝኛ ፕሮፌሰር፣ ፍራንሲስ ጄምስ ቻይልድን፣ የሾመው በ1876 ነው። በዚያው ዘመን የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ቻርልስ ኤልየት ተማሪ ኮርሱን ራሱ ይምረጥ የሚለውን አሠራር አስፋፉ። የዛሬው «ምርጫ ኮርስ» ልጁ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በመንግሥት ድጎማ ብዙ የቀድሞ ወታደሮች ዩኒቨርሲቲ ገቡ። ክፍሎች ሞሉ። አንድ ገጽ ግጥም ይዞ መወያየት ለእንዲህ ያለ ክፍል ይመች ስለነበር የቅርብ ንባብ በአሜሪካም ነገሠ።

ሌላው የአሜሪካ አሻራ ሰርቬይ የሚባለው፣ የሥነ ጽሑፉን ታሪክ በዘመን ቅደም ተከተል የሚያስቃኘው ኮርስ ነው። በኤም. ኤች. ኤብራምስ ዋና አርታኢነት በ1962 የወጣው የኖርተን የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ መድብል በሁለት ቅጽ ነው የታተመው። አንደኛው ከጥንት እስከ አሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን፣ ሁለተኛው ከሮማንቲኮች ወዲህ። ሰርቬይ አንድና ሰርቬይ ሁለትም እዚያው ላይ ይከፈላሉ። ኮርሱ መጽሐፉን ወለደ ወይስ መጽሐፉ ኮርሱን አጸናው? ሁለቱም ይመስላል።

ናይሮቢ፣ 1968

በዘርፉ ታሪክ ውስጥ ትልቁ ድፍረት የታየው በአፍሪካ ነው። በጥቅምት 1968 ሦስት የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ መምህራን የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ይጥፋ የሚል ጽሑፍ አቀረቡ። ያኔ ጄምስ ንጉጊ ይባሉ የነበሩት ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ፣ ሄንሪ ኦውር-አንዩምባና ታባን ሎ ሊዮንግ ናቸው። የአንድን ባህል ታሪካዊ ሂደት መከታተል ካስፈለገ፣ ያ ባህል ለምን የአፍሪካ አይሆንም አሉ። የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ መሃል ላይ ይቀመጥ። ሌላው ሁሉ ከእሱ ጋር ባለው ዝምድና ዙሪያውን ይደርደር። ሥነ ቃልም ሙሉ ቦታ ይኑረው።

ሐሳቡ ለዕቅድ ትልቅ ትርጉም ነበረው። እስከዚያ ድረስ የኮርስ ዕቅድ መስመር ነበር፤ ከጥንታዊ እንግሊዝኛ ተነስቶ ወደ ዛሬ ይጓዛል። እነሱ ክብ አደረጉት፤ ካሉበት ተነስተው ወደ ውጭ ይሰፋሉ። ከብዙ ክርክር በኋላ በናይሮቢ የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ቦታውን ለሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍል ለቀቀ። ዛሬ በለንደንም ሆነ በኒውዮርክ «ድኅረ ቅኝ ግዛት ሥነ ጽሑፍ» የሚል ኮርስ የሚወስድ ተማሪ ለናይሮቢ ምስጋና አለበት።

በቅርብ ጊዜ የተነሱት ክርክሮች የዚያ ታናናሾች ናቸው። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሎስ አንጀለሱ ቅርንጫፍ በ2011 የድሮዎቹን ታላላቅ ደራሲዎች ቾሰርን፣ ሼክስፒርንና ሚልተንን ማንበብ ለዘርፉ ተማሪዎች ግዴታ መሆኑን አስቀረ። በ2016 ደግሞ የዬል ተማሪዎች «ታላላቅ የእንግሊዝኛ ገጣሚዎች» የሚለው ግዴታ እንዲቀየር ፊርማ አሰባሰቡ። ጉዳዩ ለአንዳንዶች ማሽቆልቆል፣ ለሌሎች ዘግይቶ የመጣ ፍትሕ ነው።

የክሬዲት ሒሳብ

በአሜሪካ ሥርዓት ዲግሪው ባብዛኛው 120 ክሬዲት ነው። አንድ ኮርስ ሦስት ክሬዲት ቢይዝ 40 ኮርስ ይሆናል። ከእነዚህ የሥነ ጽሑፉ ድርሻ ከአሥር እስከ አሥራ አራት አካባቢ ነው። የቀረው አጠቃላይ ትምህርትና ምርጫ ነው። በእንግሊዝ ሦስት ዓመት፣ 360 ክሬዲት፣ በዓመት 120 ነው። ተማሪው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በዘርፉ ውስጥ ነው። የመጀመሪያ ዓመት ውጤት ብዙ ጊዜ ማዕረጉ ላይ አይቆጠርም፤ ማለፍ ግን ግድ ነው። ስኮትላንድ አራት ዓመት ነው። በአውሮፓ የጋራ ሥርዓት አንድ ዓመት 60 ክሬዲት ነው፣ ዲግሪው ከ180 እስከ 240 ይደርሳል።

ሲታቀድ

ደንቦቹ ይለያዩ እንጂ የሚጠየቀው ተመሳሳይ ነው። መጀመሪያ የቅርብ ንባብ ወይም የሥነ ጽሑፍ መግቢያ፣ ከዚያ ሰርቬይ፣ ከዚያ የዘመን ኮርሶች፣ መጨረሻ ላይ ሴሚናር (በትንሽ ቡድን በውይይት የሚሰጥ ኮርስ) እና የመመረቂያ ጽሑፍ። የኮርስ ቁጥሩም ይናገራል። በአሜሪካ በመቶዎቹ የሚጀምረው ለጀማሪ ነው፣ አራት መቶዎቹ ለተመራቂ ናቸው።

ተማሪ በብዛት የሚጠለፍበት «ከ1800 በፊት» የሚባለው፣ ከዚያ ዓመት በፊት በተጻፉ ሥራዎች ላይ ኮርሶች የመውሰድ ግዴታ ነው። የድሮው ጊዜ እንግሊዝኛ ስለሚያስፈራ ሁሉም ወደ መጨረሻ ይገፋዋል። ችግሩ እነዚህ ኮርሶች በየሴሚስተሩ አይሰጡም። የመካከለኛው ዘመን ኮርስ በሁለት ዓመት አንዴ ብቻ ሊከፈት ይችላል። ተመራቂው የመጨረሻ ሴሚስተር ላይ ሲፈልገው የለም፣ ወይ ከሌላ የግዴታ ኮርስ ጋር ሰዓቱ ተጋጭቷል። አንዱን በሁለተኛ ዓመት መጨረስ ብዙ ራስ ምታት ያስቀራል። ደግሞም ቾሰርን ቀደም ብሎ ያነበበ ተማሪ ሼክስፒርን ሲያነብ አይደናገጥም።

የንባብ ጫናው በክሬዲት አይለካም። ሁለት ኮርሶች እኩል ሦስት ክሬዲት ይኖራቸዋል። አንዱ በሳምንት አምስት ሶኔት ያስነብባል፣ ሌላው አምስት መቶ ገጽ ልቦለድ። በ1747 እና 1748 የታተመው የሳሙኤል ሪቻርድሰን ክላሪሳ ብቻውን ወደ አንድ ሚሊዮን ቃላት ይጠጋል። የአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ልቦለድና የቪክቶሪያ ዘመን ልቦለድ በአንድ ሴሚስተር የወሰደ ሰው ያለቅሳል። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ሞክሮታል፤ አንዱን ልቦለድ ዛሬም አልጨረሰውም። አንድ የልቦለድ ኮርስ፣ አንድ የግጥም ወይም የተውኔት፣ አንድ የንድፈ ሐሳብ ቢደረግ ሳምንቱ ይተነፍሳል። ከመመዝገብ በፊት ያለፈውን ዓመት ሲላበስ ጠይቆ የመጻሕፍቱን ገጽ መደመር ነውር የለውም።

ንድፈ ሐሳብ፣ ማለትም ሥነ ጽሑፍ እንዴት ይተነተናል የሚለውን የሚያጠናው ኮርስ፣ መቼ ይወሰድ የሚለው ላይ መምህራንም አይስማሙም። በአንደኛ ዓመት ከወሰዱት የሚተገብሩበት ጽሑፍ ገና በእጅ የለም። በመጨረሻ ዓመት ከወሰዱት ደግሞ ሴሚናሮቹን በባዶ እጅ አልፈዋል። ሁለተኛው ዓመት ትክክለኛው ቦታ ነው። ንድፈ ሐሳብ አያስፈልግም የሚሉም አሉ።

ከዚህ ሌላ የውጭ ቋንቋ ግዴታ ሊኖር ይችላል። የድኅረ ምረቃ ሐሳብ ያለው ሰው ቢያጠናክረው ይጠቀማል። የፈጠራ ጽሑፍ ኮርሶች በአንዳንድ ቦታ ይቆጠራሉ፣ በአንዳንዱ አይቆጠሩም።

ሁለት የሬጅስትራር ነገሮች መታወቅ አለባቸው። አንደኛው፣ ሥርዓተ ትምህርቱ መሃል ላይ ቢቀየር ተማሪው ብዙ ጊዜ የሚዳኘው በገባበት ዓመት በነበረው ደንብ ነው። የዚያን ዓመት ካታሎግ ማስቀመጥ ይጠቅማል። ሁለተኛው ድርብ ቆጠራ ነው። አንድ የሼክስፒር ኮርስ «ከ1800 በፊት» የሚለውንም «ተውኔት» የሚለውንም ግዴታ አንድ ላይ ሊሞላ ይችላል። አንዳንድ ቦታ ይፈቀዳል፣ አንዳንድ ቦታ አይፈቀድም። አማካሪው በቃል የፈቀደው ነገር ምረቃ ሲደርስ ማስረጃ ስለማይሆን በጽሑፍ መቀበል ይሻላል።

የመመረቂያ ጽሑፍ በብሪታንያ ብዙ ጊዜ ከ8,000 እስከ 12,000 ቃላት ይሆናል። በአሜሪካ ባብዛኛው ለማዕረግ ተማሪዎች ብቻ ነው። ዕቅዱ የሚጀምረው ከመጨረሻው ዓመት በፊት ነው፤ ምክንያቱም ርዕሱ ከዚህ ቀደም ከተወሰደ ሴሚናር ቢወለድ ይቀላል። አማካሪ የሚሆነውን መምህርም በጊዜ ማናገር ያስፈልጋል። የሚመጣው ዓመት የምርምር ዕረፍቱ ሊሆን ይችላልና።