የስህተት ሪፖርት ክስ ነው ወይ?

ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም ተረኛ ነርስ የሚፈራው ያው ነው፦ «ስህተቴን ብጽፍ ደመወዜ ቢቆረጥስ?» ሪፖርቱ ከዲሲፕሊን ክስ ጋር ይምታታል። ቅጹ ግን የሚጠይቀው ምን ሆነ፣ ለምን ሆነ ብሎ ነው። ታካሚው ሳይጎዳ የተረፈበትም ይጻፋል፤ እንዲያውም ለእኔ ዋናው እሱ ነው።

ሌሊት መብራት ጠፍቶ በስልክ ብርሃን መርፌ የምታዘጋጅ ነርስ ፖታሲየም ክሎራይድን መድኃኒት ከሚበጠበጥበት ውሃ ጋር ልታምታታ ትችላለች። ብልቃጦቹ ይመሳሰላሉ፣ መደርደሪያቸውም አንድ ነው። ፖታሲየሙ ሳይበረዝ በደም ሥር ከገባ ልብ ያቆማል። የብልቃጡን ጽሑፍ አንብባ ከመለሰችው ማንም አልተጎዳም። ዝም ካለች ግን የነገው ተረኛም ያንኑ መደርደሪያ ይከፍታል። ከጻፈች መድኃኒቱ ከዋርድ ወጥቶ ፋርማሲ ሊቆለፍበት ይችላል።

ጠጥቶ ሥራ የገባ ወይም የታካሚ ካርድ የሰረዘ ግን ይጠየቃል፤ በድካም ከተሳሳተው ጋር አንድ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ10 ታካሚ 1ዱ በሕክምና ላይ ጉዳት ይደርስበታል፤ ከግማሽ በላዩን መከላከል ይቻላል። ሠራተኛው ሁሉ ሰነፍ ሆኖ አይደለም መቼም!

ታካሚው ከተጎዳ ለቤተሰቡ በግልጽ መንገር ያስፈልጋል፤ ቅጽ መሙላት ይህን አይተካም።