የባለሙያ ብቃት ምዘናና ገለልተኛ ግምገማ በውል ውስጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ውል ሲረቀቅ ክርክሩ የሚበዛው በዋጋና በጊዜ ላይ ነው። ባለሙያው በምን ይመዘናል? ሥራውን ከውጭ ሆኖ ማን ያየዋል? እነዚህ አንቀጾች ብዙ ጊዜ ከሌላ ውል ተገልብጠው ይገባሉ። ማንም በደንብ ሳያያቸው ይፈረማል። ሠራተኛ ሲሰናበት ወይም ግንባታ ሲሰነጠቅ ሁሉም ፋይል ፍለጋ ይሮጣል።

በሳይትም በቢሮም ደጋግሜ የምሰማቸውን የተሳሳቱ አመለካከቶች አንድ በአንድ ላንሳ። ምሳሌዎቼ በአብዛኛው ከግንባታና ከማማከር ሥራ ናቸው። የሶፍትዌር ወይም የጥናት ውል የምትፈርሙ ሰዎችም ነገሩ እንግዳ አይሆንባችሁም።

«ሲቪው ጨረታ ላይ ነጥብ ካገኘ የባለሙያው ምዘና አልቋል»

እንዲያውም ገና መጀመሩ ነው። የዓለም ባንክ ገንዘብ ባለባቸው የማማከር ጨረታዎች ቁልፍ ባለሙያዎች ከባድ ነጥብ ይይዛሉ። ለረጅም ዓመታት በሥራ ላይ በነበረው የባንኩ የአማካሪዎች መመሪያ ከ100 የቴክኒክ ነጥብ ከ30 እስከ 60 የሚሆነው ለእነሱ ነበር። ስለዚህ ድርጅቱ ጨረታውን የሚያሸንፈው በሰዎቹ ስም ነው። ጣጣው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ስሙ የቀረበው ሰው ሌላ ፕሮጀክት ላይ ተጠምዶ ይገኛል። አንዳንዴም ሲቪው መቅረቡን ራሱ አልሰማም። በአገራችን የሙያ ፈቃዱን ለተቋራጭ እያከራየ ሳይት የማይረግጥ መሐንዲስ መኖሩ የአደባባይ ምስጢር ነው።

የባንኩ መደበኛ የማማከር ውል ይህን ለመዝጋት ይሞክራል። ቁልፍ ባለሙያ ያለ ደንበኛው የጽሑፍ ስምምነት አይቀየርም። መቀየር የሚቻለው እንደ ሞት ወይም ከባድ ሕመም ባለ፣ ከአማካሪው አቅም በላይ በሆነ ምክንያት ነው። ተተኪው በትምህርትና በልምድ እኩል ወይም የተሻለ መሆን አለበት። ክፍያውም ያው ይሆናል። ደንበኛው ባለሙያው ሥራውን መወጣት አልቻለም ካለ ደግሞ ምክንያቱን ዘርዝሮ ተተኪ መጠየቅ ይችላል። በግንባታ ውሎች የሚሠራበት የፊዲክ (የዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን) መደበኛ ውል፣ ቀይ መጽሐፉም (የ1999 እ.ኤ.አ. እትም)፣ በአንቀጽ 6.9 ለመሐንዲሱ ብቃት የሌለው ወይም በቸልተኝነት የሚሠራ ሰው ከሳይት ይነሳልኝ የማለት ሥልጣን ይሰጠዋል።

እኔ ውል ስመለከት ሦስት ነገር እፈልጋለሁ። የባለሙያው ስም፣ በወር ቢያንስ ስንት ቀን ሳይት ላይ እንደሚገኝ፣ ተተኪ ከመጽደቁ በፊትም ፊት ለፊት ቃለ መጠይቅ እንደሚደረግለት። የሳይት ቀኑ ካልተጻፈ የቀረው ሁሉ ለስሙ ብቻ ነው።

«ዲግሪ ወይም ሲኦሲ ያለው ሰው ሌላ ምዘና አያስፈልገውም»

የሙያ ብቃት ማረጋገጫ አንድ ሰው በሙያው የተቀመጠውን ደረጃ ማሟላቱን ይናገራል። ይህን ፕሮጀክት ይችለዋል ወይ ለሚለው ግን መልስ አይሰጥም። ቤት ሲሠራ የኖረ ጎበዝ አርማታ ሠራተኛ የድልድይ ምሰሶ ላይ አዲስ ነው። ውሉ ወረቀቱን ይጠይቅ፣ የሥራ ናሙናም ይጠይቅ።

«ብቃት የለውም ተብሎ ከተገመገመ በማግስቱ ማሰናበት ይቻላል»

ይህ አመለካከት ብዙ ሰው ያለ አግባብ ከእንጀራው አፈናቅሏል። አለቃው «ኢቫሉዌሽንህ ዝቅተኛ ነው፣ እቃህን አስረክብ» ይላል። ሠራተኛውም «ፎርሙ ላይ ፈርሜያለሁ፣ ምን ይደረጋል» ብሎ አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። ሁለቱም ሕጉን አልተመለከቱም።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚለው ሌላ ነው። መጀመሪያ የሙከራ ጊዜ አለ። ይህ በጽሑፍ ስምምነት የሚደረግ ነው፤ ከ60 የሥራ ቀናትም አይበልጥም። በዚህ ጊዜ ሠራተኛው ለሥራው ተስማሚ ሆኖ ካልተገኘ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይችላል። ቀኑ አልፎ ሠራተኛው ሥራውን ከቀጠለ ግን ቅጥሩ ሙከራው ከጀመረበት ቀን አንስቶ የጸና ይሆናል። አንዳንድ ቢሮ «የሙከራ ጊዜህን አራዝመናል» የሚል ደብዳቤ ይሰጣል። 60ው የሥራ ቀን ካለፈ በኋላ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከሕጉ በላይ ሊሆን አይችልም። ያንኑ ሰው ለዚያው ሥራ መልሶ የቀጠረ ድርጅትም እንደገና ለሙከራ ሊያስቀምጠው አይችልም።

ከሙከራ በኋላስ? የችሎታ ማነስ ውልን ለማቋረጥ ምክንያት ሊሆን ይችላል። አንቀጽ 28 ይህን ይፈቅዳል፤ ግን በማስጠንቀቂያ ነው። ሠራተኛው የተመደበበትን ሥራ ለመሥራት ችሎታው ሲቀንስ፣ ችሎታውን የሚያሳድግበት ሥልጠና ተዘጋጅቶለት እምቢ ሲል፣ ወይም ሠልጥኖም አስፈላጊውን ችሎታ መቅሰም ሲያቅተው ማለት ነው። ችሎታው መቀነሱም በኅብረት ስምምነት ሌላ ነገር ካልተወሰነ በቀር በየጊዜው በሚደረግ የሥራ አፈጻጸም ግምገማ መረጋገጥ አለበት። «በየጊዜው» የሚለውን አስምሩበት። ከአለቃ ጋር ከተጣሉ በኋላ በአንድ ከሰዓት የተሞላ ፎርም በየጊዜው የተደረገ ግምገማ ነው ብሎ መከራከር ከባድ ነው። የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ ማስጠንቀቂያው እስከ አንድ ዓመት ላገለገለ 1 ወር፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ 2 ወር፣ ከዘጠኝ ዓመት በላይ ላገለገለ 3 ወር ነው። ስንብቱ ሕገ ወጥ ከሆነ ፍርድ ቤት ወደ ሥራ እንዲመለስ ወይም ካሣ እንዲከፈለው ሊያዝ ይችላል። አዋጁ የሥራ መሪዎችንና የመንግሥት ሠራተኞችን እንደማይሸፍን ግን ልብ በሉ።

ስለዚህ የቅጥር ውላችሁ ወይም የድርጅቱ ደንብ ስለ ምዘና ሲናገር መስፈርቱን ሥራው ከመጀመሩ በፊት ያሳውቅ። ማን እንደሚመዝንና በየስንት ወሩ እንደሆነ ይናገር። ሠራተኛው ውጤቱን አይቶ አስተያየቱን በጽሑፍ የሚያያይዝበት ቦታ ይኑረው። ቅሬታውን የሚያየው ሰው ደግሞ ነጥቡን የሰጠው አለቃ መሆን የለበትም። ይህ ለአሠሪውም ይጠቅማል። ፍርድ ቤት ፊት ሲቀርብ የሁለት ዓመት ተከታታይ መዝገብ ያለው አሠሪና አንዲት ፎርም ይዞ የመጣ አሠሪ እኩል አይቆሙም።

«ገለልተኛ ግምገማ ማለት ሌላ ድርጅት ቀጥሮ ማስፈረም ነው»

እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። ይህ አመለካከት የሰው ሕይወት አስከፍሏል።

መጋቢት 6 ቀን 2010 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 15 ቀን 2018) በአሜሪካ ማያሚ፣ በፍሎሪዳ ኢንተርናሽናል ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ይሠራ የነበረ የእግረኛ ድልድይ ተደረመሰ። ወደ 53 ሜትር የሚረዝምና 950 ቶን የሚመዝን የኮንክሪት አካል ነው። በቦታው የተቀመጠው ገና ከአምስት ቀን በፊት ነበር። ከሥሩ ያለው መንገድ ክፍት ስለነበር መኪኖች ላይ ወደቀ። 6 ሰዎች ሞቱ።

ይህ ድልድይ ገለልተኛ ገምጋሚ ነበረው። ዲዛይኑን የሠራው ፊግ የተባለ ድርጅት ነው። ገምጋሚው ሉዊስ በርገር ነበር። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ከአንድ ዓመት ተኩል ገደማ በኋላ ይፋ ባደረገው የምርመራ ውጤት ዋናው ምክንያት የዲዛይነሩ የጭነትና የአቅም ስሌት ስህተት እንደሆነ ገለጸ። ገምጋሚው ያን ስህተት አለማግኘቱን ደግሞ አስተዋጽኦ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ አድርጎ አስቀመጠው።

ገምጋሚው ለምን አላየውም? መልሱ ውሉ ዙሪያ ነው። ድርጅቱ በፍሎሪዳ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ለዚህ ዓይነቱ ግምገማ የተፈቀደ ብቃት አልነበረውም። መሥሪያ ቤቱም ብቃቱን ማረጋገጥ ሲገባው አላረጋገጠም። ቀጥሎ የሥራው ወሰን አለ። ገምጋሚው የተመለከተው ያለቀውን ድልድይ ነበር፤ ግንባታው የሚያልፍባቸውን መካከለኛ ደረጃዎች አላየም። ድልድዩ የወደቀው ደግሞ ሳያልቅ ነው። ክፍያውም በድርድር ከ110 ሺህ ወደ 61 ሺህ ዶላር፣ ጊዜውም ከ10 ሳምንት ወደ 7 ወርዶ ነበር። የቀጠረው ራሱ የሚገመገመው ዲዛይነር ነው።

አንድ በአንድ ሲታይ ሁሉም የተለመደ የቢሮ ውሳኔ ይመስላል። ዋጋ ቀንሱ፣ ጊዜ አሳጥሩ፣ ይሄን ክፍል ተዉት። ፊርማውና ማኅተሙ ግን ሙሉ ሆኖ ወጣ።

ከዚህ ተነስቼ የምለው ይህን ነው። የገለልተኛ ግምገማ አንቀጽ ሲጻፍ ገምጋሚውን የሚቀጥረውና የሚከፍለው የሥራው ባለቤት ይሁን። የገምጋሚው ድርጅት ብቻ ሳይሆን ስሌቱን የሚያየው ሰው ብቃት ይረጋገጥ። ወሰኑ የግንባታውን እያንዳንዱን ደረጃ ያካትት። ገምጋሚው የዲዛይነሩን ስሌት ከማንበብ አልፎ የራሱን ስሌት ይሥራ። ዲዛይኑ ከተቀየረ ግምገማው ይደገም። ዋጋ መቀነስ የግድ ከሆነ የትኛው ሥራ እንደተቀነሰ በጽሑፍ ይውጣና የሥራው ባለቤት ይፈርምበት።

«አማካሪ መሐንዲስ ስላለ ሌላ ገምጋሚ ትርፍ ወጪ ነው»

አማካሪ መሐንዲሱን የቀጠረውና የሚከፍለው አሠሪው፣ ማለትም የሥራው ባለቤት ነው። በ1999ኙ ፊዲክ መሐንዲሱ ሌላ ካልተባለ በቀር ለአሠሪው እንደሚሠራ በግልጽ ተቀምጧል። የ2017ቱ እትም ስምምነት ሲያፈላልግና ውሳኔ ሲሰጥ ገለልተኛ እንዲሆን ያስገድዳል። ጥሩ መሻሻል ነው። ብዙ ጊዜ ግን ዲዛይኑን የሠራውም ግንባታውን የሚቆጣጠረውም ያው አማካሪ ነው። የራሱን ስህተት ራሱ እንዲያጋልጥ መጠበቅ ለእሱም ከባድ ነው።

ብዙዎች የክርክር ዳኝነት ቦርዱንም ከዚህ ጋር ይቀላቅሉታል። ቦርዱ አለመግባባት ሲነሳ የሚወስን ነው፤ የዲዛይን ስሌት የሚፈትሽ አይደለም። በ1999ኙ ውል ጉዳዩ ከቀረበለት በኋላ በ84 ቀን ውስጥ ይወስናል። ያልተስማማ ወገን በ28 ቀን ውስጥ ካላሳወቀ ውሳኔው የመጨረሻ ይሆናል። ክፍያውን ሁለቱ ወገኖች እኩል ይካፈላሉ። እዚህ ላይ ብዙ ፕሮጀክት የሚሠራው ስህተት ቦርዱን ጠብ ከተነሳ በኋላ መፈለጉ ነው። ያኔ በሰው ስም ላይ መስማማት ራሱ ሌላ ጠብ ነው። ከመጀመሪያው ይሰየም።

«ገምጋሚው ካጸደቀው ኃላፊነቱ ወደ እሱ ይዞራል»

አይዞርም። ፊዲክ የመሐንዲሱ ማጽደቅ፣ ምርመራ ወይም ፈቃድ ተቋራጩን ከኃላፊነቱ ነጻ አያደርገውም ይላል። በአገራችን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3039 ሕንፃ ሠሪው ሥራውን ካስረከበ በኋላ ለ10 ዓመት ለሥራው ትክክለኛነትና ጥንካሬ ዋስ እንደሆነ ይደነግጋል። የገምጋሚ ማኅተም ይህን አያነሳም። ገምጋሚው በበኩሉ በራሱ ውል መሠረት ለራሱ ጥፋት ይጠየቃል። ስለዚህ «እነሱ አይተውታል» ብሎ እጅ ማጣጠፍ ለማንም አያዋጣም።

«ግምገማ ማለት አለመተማመን ነው»

ይህን የሚሉት ብዙ ጊዜ ልምድ ያላቸው አንጋፋ ባለሙያዎች ናቸው። ስሜታቸው ይገባኛል። ሃያ ዓመት የሠራ ሰው ስሌቱን ወጣት መሐንዲስ ሲያገላብጥበት ሊከፋው ይችላል። ግን ግምገማው ለሁሉም ፕሮጀክት እኩል በውል ከተጻፈ ማንም እንደተጠረጠረ አይቆጥረውም። የሚያስከፋው ለአንዱ ተደርጎ ለሌላው ሲቀር ነው።

«ገምጋሚው አስተያየቱን ይስጥ፣ ሥራ ማስቆም የእሱ ፋንታ አይደለም»

የማያሚው ድልድይ ከመውደቁ በፊት ስንጥቁ ታይቶ ነበር። በዚያው ቀን ጠዋት ስለ ስንጥቁ ስብሰባ ተደርጓል። የትራንስፖርት ደህንነት ቦርዱ በኋላ ዲዛይነሩን፣ ተቋራጩን፣ ዩኒቨርሲቲውን፣ የግንባታ ተቆጣጣሪውንና የክልሉን የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት በሙሉ ሥራውን ባለማስቆማቸውና መንገዱን ባለማዘጋታቸው ወቅሷል። ለጥገናው የተያዘው ዕቅድም በሌላ ዓይን እንዲታይ አልተደረገም። አምስት አካላት ባሉበት ሁሉም ሌላውን ይጠብቃል። ስለዚህ ውሉ አንድን ሰው በሥራ መደቡ ጠቅሶ «አቁሙ» የማለት ሥልጣን ይስጠው።

ለሚያረቅ ሰው መነሻ ይሆን ዘንድ እኔ የምመርጠው አጻጻፍ ይህን ይመስላል፦

«ገለልተኛ ገምጋሚው ለሕይወት ወይም ለንብረት አደጋ የሚያስከትል ጉድለት ሲያገኝ በዚያው ቀን ለአሠሪው፣ ለመሐንዲሱና ለተቋራጩ በጽሑፍ ያሳውቃል። ተቋራጩ ማስታወቂያው እንደደረሰው በተጠቀሰው ክፍል ላይ ሥራ ያቆማል፤ አካባቢውንም ከሰው ያጸዳል። ሥራው የሚቀጥለው የማስተካከያው ዕቅድ በገለልተኛ ገምጋሚው ታይቶ በጽሑፍ ሲረጋገጥ ብቻ ነው። የገምጋሚው ክፍያ በግምገማው ውጤት ምክንያት አይቀነስም፣ አይዘገይም። ጉድለቱ የተቋራጩ ጥፋት ካልሆነ ሥራው የቆመበት ጊዜ ይጨመርለታል፣ ወጪውም ይተካለታል።»

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ለማስቆረጥ የሚደራደር አሠሪ ይኖራል። እንዳትቆርጡት። ሥራ ማቆም ያለ ጥፋቱ የሚያከስረው ተቋራጭ ስንጥቁን አይቶ ዝም ለማለት ሰበብ ያገኛል።