«አሚግዳላው ያንሳል» ሲባል ምን ማለት ነው?

እሑድ ጣና ዳር፣ ጀልባ መሳፈሪያው አጠገብ ቡና ስንጠጣ አንዲት እናት ስልኳን ዘረጋችልኝ። «ኃይለኛ ልጆች አሚግዳላቸው ያንሳል» ይላል። የ13 ዓመት ልጇ ታናሹን በድንጋይ ፈንክቶታል። «እንግዲህ የኔ ልጅ አንጎሉ ጎደሎ ነው?» አለችኝ፤ ስኒው እጇ ላይ ይንቀጠቀጣል።

አይደለም፣ እህቴ።

አሚግዳላ በአንጎል ግራና ቀኝ ያለ የለውዝ ቅርጽ ክፍል ነው፤ ስጋትንና ፍርሃትን ቶሎ ያነባል። ከግንባር ጀርባ ያለው ክፍል ደግሞ «ቆይ» የሚል ልጓም ነው። ይህ ልጓም በስሎ የሚያበቃው በ20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ገደማ ስለሆነ፣ የ13 ዓመት ልጅ ቁጣው ቢቀድመው አይገርምም።

አደናጋሪው «ያንሳል» የሚለው ነው። ተመራማሪዎች በኤምአርአይ (የአንጎልን ምስል በሚያነሳ መሣሪያ) የሚያነጻጽሩት የቡድን አማካይ ነው። ከገበያ ሁለት ቅርጫት ማንጎ ብትገዢ የአንዱ ፍሬ በአማካይ ያንስ ይሆናል፤ አንዷን አንስተሽ ግን ከየትኛው ቅርጫት እንደወጣች በመጠኗ አታውቂም። አንድን ልጅ በአንጎል ምስል ብቻ «ኃይለኛ» ብሎ የሚለይ ምርመራ የለም።

ደግሞም የአሚግዳላ ማነስ ከኃይለኝነት ጋር «ተያያዘ» ማለት ኃይለኝነቱን «አመጣው» ማለት አይደለም። ድብደባና የማያባራ ፍርሃት ራሳቸው ከአንጎል ለውጥ ጋር ይያያዛሉ። ይሄ እንቅልፍ ይነሳኛል፤ ስንቱ ወላጅ ቁጡ ልጁን የሚያርመው በአለንጋ ነው!

ሐኪም «የጠባይ መታወክ» (ሌሎችን መጉዳትና ደንብ መጣስ የሚደጋገምበት ሕመም) ለማለት ከ15 ምልክቶች ቢያንስ 3ቱን ባለፉት 12 ወራት ውስጥ ማየት አለበት። አንድ ድንጋይ አይበቃም።

«ከፈነከተው በኋላ ምን አደረገ?» አልኳት።

«ሮጦ ውሃ አምጥቶ ደሙን አጠበለት፤ ከሱ ብሶ አለቀሰ።»